ክረምት፣ መናፈሻና ትምህርት፦ አቅም ያነሳቸው ልጆች ከክፍል ውጭ ሲማሩ

ሰኔ ተገባዶ የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ በሐዋሳ ሁለት ዓይነት ክረምት ይጀምራል። አንዱ ልጅ የግል አስጠኚ ይመጣለታል፣ የኮምፒውተር ወይም የእንግሊዝኛ ኮርስ ይመዘገባል፣ ቤት ሲውልም የሚያነበው አያጣም። ሌላው የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ይወጣል፣ በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል መናፈሻ የዓሣ ገበያ ዓሣ ያጸዳል፣ ወይም እናቱ ጉሊት ስትውል ታናናሾቹን ይጠብቃል። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃሉ።

የትምህርት ጥራት ነገር የየቤቱ ወሬ ከሆነ ሰንብቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ውጤቱ የሚታየው 12ኛ ክፍል ላይ ይሁን እንጂ ጉድለቱ የሚጀምረው ልጁ ፊደል ከሚቆጥርበትና መደመር ከሚለማመድበት ዕድሜ ነው። ስለዚህም በታችኞቹ ክፍሎች ያሉ፣ በተለይም ቤተሰቦቻቸው አቅም ያነሳቸው ልጆች ክረምቱን እንዴት ይለፉት የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ከሚቀርቡት መልሶች አንዱ ልጆቹን ወደ መናፈሻና ወደ ሐይቅ ዳር አውጥቶ ማስተማር ነው። ሐሳቡን ሲሰሙት ግን አንዳንዱ ሽርሽር ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የክፍል እጥረትን በዛፍ ጥላ የመሸፈን ብልሃት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱም አይደለም።

«ከክፍል ውጭ ትምህርት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራው። «የውጭ ትምህርት» ብንለው አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፓስፖርትና ቪዛ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «ከክፍል ውጭ ትምህርት» እንለዋለን። ትርጉሙም በመደበኛው የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ያለን ርዕስ፣ ርዕሱ በተፈጥሮ በሚገኝበት ቦታ ሄዶ፣ በመንካት፣ በመለካትና በመመዝገብ መማር ማለት ነው። የመስክ ጉብኝት በዓመት አንድ ቀን ተሂዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለሱበት ነው። ከክፍል ውጭ ትምህርት ግን በተከታታይ ቀናት ወደ አንድ ቦታ እየተመላለሱ የሚሠሩት ሥራ ሲሆን፣ ልጁ ትናንት የለካውን ዛሬ የሚያነጻጽርበት ደብተር አለው።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ትምህርቱን ወደ ክፍል ብንመልሰው የሚጎድል ነገር አለ? መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ዋርካ ላይ አስደግፎ የማባዛት ሠንጠረዥ ካስጻፈ፣ የተለወጠው ጣሪያው ብቻ ነው። ልጆቹ የዋርካውን ግንድ በገመድ ከበው ዙሪያውን ከለኩ በኋላ የግንዱን ውፍረት በስሌት ካገኙ ግን ዋርካው ራሱ ትምህርት ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ወደ ዳስ ትምህርት ቤት መመለስ አይደለምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስድብ አድርጎ መውሰድም አይገባም። በአገራችን ዛፍ ሥር መማር የድህነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ ድንጋይ ተሸክመው የዳስ ክፍልን በቆርቆሮ የለወጡባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ወላጆች «ልጅዎ በክረምት ዛፍ ሥር ይማራል» ማለት የደከሙበትን ነገር ማፍረስ ሊመስላቸው ይችላል።

ልዩነቱ ያለው በምርጫ ላይ ነው። ክፍል አጥቶ ዛፍ ሥር የሚማር ልጅ ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት የለውም፤ ክፍል ኖሮት ለመለካት የወጣ ልጅ ግን መመለሻ አለው። በመናፈሻ የሚሰጥ የክረምት ትምህርት የመማሪያ ክፍል ግንባታን የሚተካ ተደርጎ ከቀረበ፣ ወላጆች ቢቃወሙት እውነታቸውን ነው።

ልጆች በክረምት በእርግጥ ይረሳሉ?

ስለ ረጅሙ የትምህርት እረፍት ብዙ ጥናት የተሠራው በአሜሪካ ነው። የእነርሱ እረፍት የሚውለው በሞቃቱ ወራት ሲሆን የእኛ በዝናቡ ወቅት ነው፤ ይህ ልዩነት ኋላ ይመለስብናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ 39 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎች ከእረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው አገኟቸው። ጉዳቱ በሒሳብ ላይ በረታ፤ በንባብ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች ይበልጥ ተጎጂዎች ነበሩ።

በባልቲሞር ከተማ ከ1982 ጀምሮ ልጆችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉት ካርል አሌክሳንደር፣ ዶሪስ ኢንትዊስልና ሊንዳ ኦልሰን ነገሩን በቧንቧ መስለውታል። ምሳሌው ለሐዋሳ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ውሃ ሲመጣ ሁሉም ይቀዳል፤ ሲቋረጥ ግን ሮቶ ያለው ቤት መቋረጡንም ላያውቅ ይችላል፣ ሁለት ጀሪካን ብቻ ያለው ቤት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይጨንቀዋል። ትምህርት ቤት ቧንቧው ነው። በቤት ያለው መጽሐፍ፣ የተማረ ወላጅ፣ አስጠኚ፣ ጉዞ፣ እነዚህ ሁሉ ሮቶ ናቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፖል ፎን ሂፔል የተባሉ ተመራማሪ ከቀድሞዎቹ ጥናቶች አንዳንዶቹ የተጠቀሙበት ፈተና አሰጣጥ ራሱ ክፍተቱን አግንኖ ሊያሳይ እንደሚችል ገልጸው፣ በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት በእረፍቱ ወቅት ይሰፋል የሚለውን ድምዳሜ ተከራክረውበታል። ስለዚህ «ክረምት የድሃውን ልጅ ይጥለዋል» ብሎ በሙሉ አፍ መናገር አይቻልም። የማያከራክረው ነገር በእረፍቱ ወራት መማር ለሁሉም እንደሚቀዘቅዝና፣ ወደ ኋላ ለቀረው ልጅ እነዚህ ወራት ለመድረስ የሚያገኛቸው ብቸኛ ትርፍ ጊዜዎች መሆናቸው ነው።

ታዲያ መናፈሻው ምን ይጨምራል? በክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት ቢሰጥ አይበቃም?

ማጠናከሪያ ትምህርት ጥሩ ነገር ነው፤ መናፈሻውም አይቃወመውም። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ያልገባውን ትምህርት በክረምትም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ፣ ድምፅን ትንሽ ከፍ አድርጎ መድገም ሁልጊዜ ውጤት አያመጣም።

በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ይህን በሚያስደንቅ ሁኔታ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ኮኮናትና ፍራፍሬ በመንገድ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን እንደ ደንበኛ ቀርበው «የአሥሩ ዋጋ ስንት ነው? መልሴስ?» እያሉ ሲጠይቋቸው፣ ልጆቹ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ፣ ሸቀጥና ደንበኛ በሌለበት፣ በቁጥር ብቻ ሲያቀርቡላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ ወረደ። አምስት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ውጤቱ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሞ ለሚታዘብ ሰው እንግዳ አይደለም። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ብዛት በዓይኑ ቆጥሮ፣ የማጽጃውን ሒሳብ ደምሮ፣ መልሱን በአንድ እጁ አውጥቶ የሚሰጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እዚያ አይጠፋም፤ ያው ልጅ ክፍልፋይ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍበት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ከክፍል ውጭ ትምህርት የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድልድይ መዘርጋት ነው፦ ልጁ በእጁ የሚያውቀውን ወስዶ በወረቀት ላይ እንዲያየው ማድረግ።

ትኩረትም አለ። በአሜሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሚንግ ኩኦና የባልደረቦቿ ጥናት፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆች በሣርና በዛፍ መካከል ከተማሩ በኋላ ወደ ክፍል ሲመለሱ፣ መምህራቸው «እዚህ ተመልከቱ» እያለች ትምህርት የምታቋርጥበት ጊዜ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ተቃራኒውን ነው፤ ልጁ ውጭ ከዋለ ልቡ ውጭ ይቀራል ብለው።

በአሞራ ገደል አንድ ጠዋት ምን ሊማሩ ይችላሉ?

ነገሩ በዝርዝር ካልታየ ወሬ ስለሚመስል፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚጀምር አንድ ቀን እናስብ።

መጀመሪያ የሚከፈተው የዝናብ መለኪያው ነው። አፉ የተቆረጠና ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ትናንት ማታ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማስመሪያ ሲገባበት ውሃው 10 ሚሊ ሜትር ደርሷል እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በአንድ ሌሊት 400 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከጣሪያው ላይ ፈስሶበታል። ውሃ ለመቅዳት ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ይህን ስሌት ሁለት ጊዜ እንዲሠሩለት አይጠይቅም፤ ቤቱ ሄዶ ጣሪያውን በእርምጃ ይለካል።

ቀጥሎ አባ ኮዳ አለ። ይህ መላጣ ትልቅ ወፍ በዓሣ ገበያው ዙሪያ እንደ ሽማግሌ ተኮራምቶ ስለሚውል የሐዋሳ ልጅ ልብ ብሎ አያየውም። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል። ልጆቹ ሁለት ሜትር ተኩል በገመድ ለክተው መሬት ላይ ያሰምራሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው መስመሩ ላይ ይተኛሉ፣ ስንት ልጅ አንድ አባ ኮዳን እንደሚሞላ ይቆጥራሉ። «እግሩ ለምን ነጣ?» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱም ሳቅ ያስነሣል። ወፉ በራሱ እግር ላይ ኩሱን ይጥላል፤ እርጥበቱ ሲተን እግሩን፣ በእግሩም የሚያልፈውን ደም ያቀዘቅዝለታል። ልጁ በእርጥብ እጁ ላይ ትንፋሹን እፍ ብሎ ቅዝቃዜውን ሲያውቅ የትነት ትምህርት ተጠናቀቀ፤ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ገጽ የሚፈጀው ይህ ነው።

ፀሐይ ከወጣች ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል በኋላ የዛፍ ቁመት ይለካል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥላው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የዛፉ ጥላ ደግሞ 12 ሜትር ቢሆን፣ የዛፉ ቁመት 20 ሜትር ነው። ማንም ዛፍ ላይ አልወጣም። ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ያያሉ፣ ልጆቹ ከታች ሆነው ምጥጥንን ይማራሉ። ዱላው እስከ ቀትር ከቆየ ሌላ ነገር ይታያል፤ በሐምሌ የቀትር ጥላ በሐዋሳ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በክረምታችን ፀሐይ ከእኛ አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በሌላ አገር የተጻፈን መጽሐፍ እንዳለ ሸምድዶ «የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት» የሚል መምህር በዱላ ሊረታ ይችላል።

ሐይቁም ራሱ ጥያቄ ነው። ከጥቁር ውሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር ላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። መውጫ የሌለው ውሃ እየተነነ ሲሄድ ጨው እየተከማቸበት መሄድ አለበት፤ ሻላና አብያታ እንዲያ ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ዓሣው የሚበላ፣ ውሃውም ጨዋማ ያልሆነ ነው። ለምን? ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ውሃው በከርሰ ምድር እየሰረገ ይወጣል የሚል ነው። አፈር በተሞላ ቀዳዳ ባለው ጣሳና ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ውሃ እያፈሰሱ ይህን መሞከር ይቻላል።

ሰማይን አይቶ መማር ለአካባቢው አዲስ እንዳልሆነም ማንሣት ይገባል። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ከዋክብትን አስተውለው ነው፤ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌም ሐይቁ ዳር ነው። አንድ አረጋዊ ለግማሽ ሰዓት መጥተው ከዋክብቱን በሲዳምኛ ስማቸው ቢጠሯቸው፣ ቤቱ ሲዳምኛ ለሚነገር ልጅ የአያቱ ዕውቀት ሳይንስ ተብሎ ሲጠራ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ዝናቡስ?

ክረምት ክረምት ነው፤ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ግን ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላና ሌሊት ስለሆነ፣ ሥራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ቢወሰን አብዛኛው ቀን ይተርፋል። በአቅራቢያው የሚጠለሉበት አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል አስቀድሞ መያዝ አለበት። መብረቅ ሲኖር ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑን ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ሊማሩ ይገባል፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ልጁ ሥራውን ትቶ ለምን ይመጣል?

ብዙ በጎ ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ ነጻ ነው ስንል ለልጁ ነጻ አይደለም። ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል መናፈሻ የተቀመጠ ሊስትሮ ለሦስት ሰዓት ጫማ አልጠረገም፤ ታናሹን የምትጠብቅ ልጅ ከመጣች ታናሹን የሚይዝ ያስፈልጋል። ይህን ያላሰበ ዝግጅት የሚሞላው ከቤት ሮቶ ባላቸው ልጆች ነው፤ እነርሱ ቀድመው ይሰማሉ፣ ቀድመው ይመዘገባሉ።

ምግብ የመጀመሪያው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን አጠገብ በሻርሎተንቡርግ በጫካ ውስጥ የተከፈተው፣ በሳንባ ነቀርሳ የሚሠጉ ደካማ የከተማ ልጆችን የተቀበለው ትምህርት ቤት ከትምህርቱ ጎን ለጎን ምግብና ዕረፍት ይሰጥ ነበር። ለእኛ ዳቦና ሻይ ወይም አንድ ጭልፋ ገንፎ ሊሆን ይችላል፤ ከሌለ ግን ከአራት ሰዓት በኋላ የሚማር ልጅ አይገኝም። ታናናሾችን ይዞ መምጣት መፍቀድና በአንድ ጥግ የሚያጫውታቸው ሰው መመደብ ደግሞ ገንዘብ ሳይፈጅ ብዙ ሴት ልጆችን ያመጣል።

ሁለተኛው ቀጣይነት ነው። በአሜሪካ በአምስት ከተሞች ከአምስት ሺህ በላይ ልጆችን ያሳተፈና ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የገመገመው ነጻ የእረፍት ወራት ትምህርት፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው 20 ቀንና ከዚያ በላይ በተገኙ ልጆች ላይ፣ በተለይም በሒሳብ ነበር። በሳምንት አምስት ቀን ቢባል አራት ሳምንት መሆኑ ነው። ለሁለት ቅዳሜ ተካሂዶ ፎቶው የሚለጠፍ ዝግጅት ልጆቹን ያስደስት ይሆናል፤ ትምህርት ይሆናል ብሎ መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው።

ስለ ስያሜም አንድ ነገር ልበል። «የችግረኛ ልጆች ፕሮግራም» የሚል ባነር ሥር ልጁን ማሰለፍ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የተሰለፈ ነው። ቅድሚያውን በምዝገባ መስጠት ይቻላል፤ በባነር ላይ መጻፍ አያስፈልግም።

አደጋውስ?

በሐዋሳ የመጀመሪያው ደንብ ሐይቁ ውስጥ አለመግባት ነው። የመስጠም አደጋና ጉማሬው እንዳሉ ሆነው፣ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ እግርን መንከር ይበቃዋል። የውሃ ናሙና የሚቀዳው ዐዋቂ ሰው ነው፣ ያውም በገመድ በታሰረ ጣሳ ከደረቁ ዳርቻ ላይ ሆኖ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከመሸ በኋላ በመሆኑ የጠዋቱ ሰዓት በዚህም ይጠቅማል። ጦጣዎቹ የተጠቀለለ ዳቦ ከእጅ ይነጥቃሉና ምግብ የሚታደለው ተዘግቶ በሚበላበት ቦታ ነው። መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ በሌለበት መናፈሻ ሴት ልጆች ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መቅረታቸው ስለማይቀር ይህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚጣራ ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ዐዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ከሰው ዕይታ ርቆ የማይሄድበት ደንብ ተጽፎ ለወላጆች መነበብ አለበት።

ማን ያስተምራል?

በየክረምቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ፣ ችግኝ ሲተክሉና የአረጋውያንን ቤት ሲያድሱ ማየት የተለመደ ነው። ለመናፈሻውም ጉልበቱ ያለው እዚህ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ የግብርናና የደን ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲ ባለቤት ናት። ወጣቶቹ ግን ልምድ ያለው መምህር ያስፈልጋቸዋል፤ አባ ኮዳን ማሳየት ቀላል ሲሆን፣ ከአባ ኮዳው ወደ አምስተኛ ክፍል የሳይንስ ምዕራፍ መመለስ ሙያ ነው። ከሁለት ቀን ያላነሰ ቅድመ ዝግጅት ያላደረገ በጎ ፈቃደኛ ውሎ አድሮ ልጆቹን ኳስ ወደማጫወት ይዞራል።

እንግዲህ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ወደ ሰፈር ቢመጣ፣ ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች ከላይ ከተባሉት ይወጣሉ፦ ስንት ቀን ነው? ዝናብ ሲመጣ የት ይገባሉ? ምን ይበላሉ? ሐይቁ ዳር ማን ይቆማል? ታናሿን ይዛ መምጣት ትችላለች? አምስተኛው ጥያቄ ላይ መዝጋቢው ካመነታ ሌሎቹን በደንብ አላሰበባቸውም ማለት ነው። ከእነዚህ በኋላ የሚቀረው ደብተሩ ነው። የዝናቡ ልክ፣ የጥላው ርዝመትና የወፎቹ ቆጠራ የተጻፈበት ደብተር መስከረም ላይ ለክፍል መምህሩ ይሰጣል፤ መምህሩ ስለ ትነት ሲያስተምር የሚጠራውም ከኋላ ወንበር የሚቀመጠውን ያንን ልጅ ይሆናል።